ነዋሪ የሌላት መንደር ከንቲባዋን ልትነጠቅ አይገባም

ፈረንሳይ ከ34,000 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች ያሏት አገር ስትሆን፣ ከእነዚህ መካከል ስድስቱ አንድም ነዋሪ የላቸውም። ስድስቱም በሰሜን ምሥራቅ፣ በሜዝ አውራጃ፣ በቬርደን ከተማ ዙሪያ ይገኛሉ። ከሁሉም ይበልጥ የምትታወቀው ፍለሪ-ድቫን-ዱዎሞን ቤት የላት፣ ጭስ የላት፣ መራጭ የላት፤ ከንቲባ ግን አላት። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው የቢሮ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። በእኔ እምነት ግን የፈረንሳይ መንግሥት ለገጠር ቅርስ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ አስተዋይነት ያለበት ይኸው ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፍለሪ 422 ሰዎች ይኖሩ ነበር። በአብዛኛው በእርሻ የሚተዳደሩ፣ ዳቦ ጋጋሪና አንጥረኛ የነበሯቸው፣ አነስተኛ የባቡር ጣቢያም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። መንደሯን ለጥፋት የዳረጋት መልክዓ ምድሯ ነው። ፈረንሳይ በ1871 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አልሳስንና የሎሬንን ከፊል ለጀርመን ስታስረክብ ድንበሩ ወደ ቬርደን ተጠጋ፤ ስለዚህም በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ምሽጎች ተሠሩ። ፍለሪ የምትገኘው ከሜዝ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ባለው ከፍታ ላይ፣ በዱዎሞንና በሱቪል ምሽጎች መካከል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ከሰሜን መጥቶ ቬርደንን ለመያዝ የሚፈልግ ጦር በገበሬዎቹ ማሳ ላይ ማለፉ አይቀርም ነበር።

የጀርመን መድፎች በየካቲት 21 ቀን 1916 መተኮስ ሲጀምሩ ነዋሪዎቹ መንደራቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ከአራት ቀን በኋላ የዱዎሞን ምሽግ በጀርመኖች እጅ ገባ። በሰኔ ወር ጀርመኖች ፎስጂን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ከተኮሱ በኋላ ፍለሪ ደረሱ፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ መንደሯ 16 ጊዜ ከአንዱ ጦር ወደ ሌላው እጅ እንደተዘዋወረች ይነገራል። በመጨረሻ ነሐሴ 18 ቀን ፈረንሳዮች ሲያስመልሷት በእጃቸው የገባው የተፈጨ ድንጋይና ጭቃ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ተፈናቃዮቹ ወደ ቀያቸው መመለስ አልተፈቀደላቸውም። መሬቱ ባልፈነዳ አረር፣ በመርዝና ባልተሰበሰበ አስከሬን የተሞላ በመሆኑ «ቀይ ቀጠና» ተብሎ ተከለለ፤ መንግሥትም ገዝቶ ደን አለበሰው። ዛሬ የቬርደን ደን ወደ 10,000 ሄክታር ይሸፍናል። ይሁን እንጂ በ1919 የወጣው ሕግ መንደሮቹን ከመዝገብ አልፋቀም። እያንዳንዳቸው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን እንዲያስተዳድራቸው፣ ሰብሳቢውም የከንቲባ ሥልጣን እንዲኖረው ተወሰነ። መራጭ ስለሌለ የሚሾማቸው የአውራጃው አስተዳዳሪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ስድስቱን ጨምሮ በአካባቢው የወደሙት ዘጠኝ መንደሮች «ለፈረንሳይ የሞቱ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል። ይህ ማዕረግ በ1915 በሕግ የተደነገገው ለሰዎች፣ በዋነኛነትም በጦርነቱ ለወደቁ ወታደሮች ነበር። መንደር ግን ዘምቶ አይሞትም። ፍለሪን የፈጇት የጀርመን መድፎች ብቻም አይደሉም፤ ጀርመኖች በያዟት ቁጥር የፈረንሳይ መድፎችም ይደበድቧት ነበር። የክብር ስሙ ይህንን ይሸፍናል፤ ርስታቸው ላይ እንዳይመለሱ የተደረጉትን ገበሬዎች ደግሞ ከነአካቴው አያነሳም።

የቬርደን መታሰቢያ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ወታደር ነው። በ1967 የተመረቀው የቬርደን ሙዚየም የተሠራው የፍለሪ ባቡር ጣቢያ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ በዱዎሞን ደግሞ ማንነታቸው ያልታወቀ የ130,000 ወታደሮች ዐፅም የተቀመጠበት ትልቅ ሕንፃ አለ። ይህን ማቃለሌ አይደለም። በ2013 እንኳ በፍለሪ መሬት ውስጥ የ26 ፈረንሳውያን ወታደሮች ዐፅም ተገኝቷል። እኛን በምሥራቅ አፍሪካ ያለነውን የሚመለከት ነገርም አለበት፤ የዱዎሞን ምሽግ ጥቅምት 24 ቀን 1916 ሲመለስ በጅቡቲ በኩል የተመለመሉ «የሶማሌ ተኳሾች» የሚባሉ ሁለት ሻምበሎች ከሞሮኮው የቅኝ ግዛት እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተሰልፈው ነበር።

ነገር ግን ከሙዚየሙ ወጥቶ ወደ መንደሯ ቦታ የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። በዛፎቹ መካከል መሬቱ ጎርበጥባጣ ነው፤ አረር የቆፈራቸው ጉድጓዶች ሣር ለብሰው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በመካከላቸው በሚያልፈው የእግር መንገድ ዳርና ዳር አጫጭር ምልክቶች ተተክለዋል፤ እዚህ አንጥረኛው፣ እዚያ ዳቦ ጋጋሪው፣ ወዲያ ትምህርት ቤቱ፣ እርሻው የእገሌ። በቤተ ክርስቲያኑ ቦታ አነስተኛ ጸሎት ቤት ቆሟል። ጄኔራል የለም፣ የክፍለ ጦር ቁጥር የለም። ለእኔ የፍለሪ ቅርስ ይህ ነው፤ ጦሩ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች እንዴት ይኖሩ እንደነበር የሚያሳይ የመንገድና የሙያ ካርታ። ይህን መንገድ በኃላፊነት የሚይዝ፣ የተፈናቃዮቹ ዘሮች በየዓመቱ ሲሰበሰቡ የሚቀበላቸው ደግሞ ያ ነዋሪ የሌለው ማዘጋጃ ቤት ነው።

ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ክርክር ቀላል አይደለም። ለዜሮ ነዋሪ የሚሾም ከንቲባ ትርጉሙ ምንድን ነው፣ ሥራውን ሙዚየሙ ወይም የደን መሥሪያ ቤቱ ቢሠራው አይሻልም ወይ ይላሉ። የፈረንሳይ መንግሥትም ትናንሽ ማዘጋጃ ቤቶች እንዲዋሃዱ ሲገፋፋ ቆይቷል። በዚሁ ጦርነት የወደሙት የዱዎሞንና የቮ መንደሮች በጥር 2019 ተዋህደው ዱዎሞን-ቮ ሆነዋል። ሁለቱም ጥቂት ነዋሪዎች ስለነበሯቸው ለኑሯቸው የሚበጀውን መምረጣቸው ተገቢ ነው። ለፍለሪ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም፤ በውህደቱ የሚጠቀም ነዋሪ የላትምና።

ሙዚየም ጦርነቱን ይተርካል፣ የደን መሥሪያ ቤት ዛፉን ይጠብቃል፤ ሁለቱም የዳቦ ጋጋሪውን ቤት ቦታ የመጠበቅ ግዴታ የለባቸውም። ማዘጋጃ ቤት ግን ወሰን አለው፣ የራሱ መዝገብ አለው፣ በስሙ የሚጠየቅ ሰው አለው። ፍለሪ ከጎረቤት ጋር ብትዋሃድ በማግሥቱ የጦር ሜዳ አንድ ክፍል ትሆናለች እንጂ መንደር አትሆንም፤ ስለዚህ ሦስቱ ተሿሚዎች በቦታቸው ቢቆዩ የሚጎዳው ማንም የለም።