ዕጢው ሳይለወጥ የሚለወጥ ቁጥር

ኬሞቴራፒው ይቀጥል፣ ይጠንክር ወይስ ይቁም? ለብዙ የካንሰር ታካሚዎች የዚህ ጥያቄ መልስ የሚመጣው ሁለት የፔት ስካን ምርመራዎችን በማነጻጸር ነው። በመካከላቸው የታየው ልዩነት ከዕጢው የመጣ ይሁን ምስሉን ከሠራው የኮምፒውተር ስሌት፣ ይህ ሳይጣራ በታካሚው ሕክምና ላይ መወሰን ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የፔት ማሽን ፎቶግራፍ አያነሳም። ታካሚው ጨረር አመንጪው ፍሎሪን-18 የተያያዘበት ግሉኮስ መሰል ንጥረ ነገር በመርፌ ይሰጠዋል፤ ስኳር በብዛት የሚፈጁ የካንሰር ሴሎችም ያከማቹታል። ማሽኑ የሚመዘግበው ከሰውነት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚወጡ ጥንድ ጨረሮችን ብቻ ነው። ከዚህ ምዝገባ ምስል የሚያወጣው ስሌት ነው፤ ስሌቱ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው ኦሴም የተባለው ዘዴ ግምቱን ደጋግሞ እያረመ ወደ ምስሉ ይጠጋል። ከእርሱ በኋላ የመጡት የጨረሮቹን የመድረሻ ጊዜ ልዩነት ይጠቀማሉ፣ የማሽኑን ብዥታ ያርማሉ፣ ወይም የምስሉን ሻካራነት በሒሳብ ይገድባሉ።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በትናንሽ ዕጢዎች ላይ ነው። አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ የሊምፍ ዕጢ በማሽኑ ብዥታ ምክንያት ብርሃኑ ወደ ዙሪያው ይፈስሳል፤ ስለዚህም የሚለካው ክምችት ከእውነተኛው ያንሳል። ብዥታ አራሚው ስሌት የፈሰሰውን ይመልሳል፤ አንዳንዴ ግን ከልክ አልፎ በዕጢው ጠርዝ ላይ የሌለ ጭማሪ ይፈጥራል። ዕጢው ትንሽ ሲሆን ጠርዞቹ መሐል ላይ ይገናኙና ሐሰተኛ ጫፍ፣ ማለትም ከእውነተኛው የላቀ ከፍተኛ ቁጥር፣ ይወጣል። ኤስ ዩ ቪ ማክስ የሚባለው፣ በዕጢው ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ክምችት የሚገልጸው መለኪያ ደግሞ የሚነበበው ከአንዲት እጅግ ደማቅ ነጥብ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን እንመልከት። ዕጢ ለሕክምና የሰጠውን ምላሽ በፔት በሚመዝነው የፐርሲስት መመዘኛ ሕክምናው ሠርቷል ለማለት በዕጢው ክምችት ቢያንስ የ30 በመቶ ቅናሽ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምርመራ ብዥታ በሚያርም ስሌት፣ ሁለተኛው ያለ እርሱ ቢሠራ፣ ዕጢው ምንም ሳይሆን ከቅናሹ ከፊሉ ከስሌቱ ሊመጣ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ደግሞ እየሠራ ያለ መድኃኒት ከሽፏል ሊባል ነው። በሊምፎማ (በሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) ሕክምና የሚያገለግለው ባለ አምስት ደረጃ የዶቪል መለኪያ ዕጢውን ከጉበት ጋር ያነጻጽራል፤ ይህ ከስህተቱ ያድናል የሚሉ አሉ። አያድንም። ጉበት ትልቅና ወጥ አካል ስለሆነ አማካይ ቁጥሩ በስሌት ለውጥ እምብዛም አይናወጥም፤ ትንሹ ዕጢ ግን ይዘላል። ከ3ኛ ደረጃ ወደ 4ኛ መሻገር ማለት ደግሞ ለታካሚው የበለጠ ከባድ ሕክምና ሊሆን ይችላል።

መጠንም እንዲሁ ነው። የዕጢው ወሰን ከጫፉ ቁጥር 41 በመቶ ላይ ይሰመር ቢባል፣ ጫፉ 10 ሲሆን ድንበሩ 4.1፣ ጫፉ 14 ሲሆን ድንበሩ 5.74 ይሆናል። ዕጢው በደመቀ ቁጥር በልኬት ይጠብባል።

አዲሶቹ ስሌቶች ይጣሉ አልልም። በአሮጌው ምስል የተሰወረ ትንሽ ዕጢ በአዲሱ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ የሰው ሕይወት ነው። ነገር ግን ለማየት የሚበጀው ምስል ለመለካትም ይበጃል ማለት አይደለም። ከአንድ ምርመራ ጥሬ መረጃ ሁለት ምስል ማውጣት ይቻላል፤ አንዱ ለሐኪሙ ዓይን፣ ሌላው በጋራ ደረጃ የተስተካከለ ለልኬት። ታካሚው ተጨማሪ ጨረር አይቀበልም፣ ዳግመኛም ማሽኑ ላይ አይተኛም። የአውሮፓ ኑክሌር ሕክምና ማኅበር ኧርል በተባለው መርሐ ግብሩ በተለያዩ ማሽኖች የሚወጡ ቁጥሮች እንዲቀራረቡ ሲሠራ ቆይቷል፤ መንገዱ ተጠርጓል።

የሚቀረው የሥራ ልማድ ነው። የምርመራ ውጤት የሚጽፍ ሐኪም ከቁጥሩ አጠገብ የስሌቱን ዓይነት፣ ስሌቱ ግምቱን ያረመበትን የድግግሞሽ ብዛትና ምስሉ የለሰለሰበትን መጠን ያስፍር። ሶፍትዌር የቀየረ ሆስፒታል በክትትል ላይ ያሉ ታካሚዎቹን በቀድሞው ስሌትም ይለካ። ጥሬ መረጃውም ቦታ ያጣብባል ተብሎ ሕክምናው ሳያልቅ አይሰረዝ፤ ከተሰረዘ ሁለቱን ምርመራዎች በአንድ ስሌት አውጥቶ የሚያነጻጽር አይኖርም።