ሸለቆውን ከመዝጋት ሰውን መመጠን

በደቡብ ካሊፎርኒያ የምትገኘው የሌክ ኤልሲኖር ከተማ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ዎከር ካንየን የተባለውን ሸለቆ፣ አበባው ገና ሳይደምቅ ዘጋችው። የእግር መንገዱም መኪና ማቆሚያውም ክልክል ሆነ። ይህን ያደረገችው የ2019ን መጋቢት ስላልረሳች ነው። ያን ጊዜ ኮረብቶቹ በፖፒ አበባ ብርቱካናማ ሆነው ስለነበር፣ ሕዝቧ 70 ሺህ ገደማ በሆነች ከተማ ላይ በአንድ ቅዳሜና እሁድ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎረፈባት። ኢንተርስቴት 15 አውራ ጎዳና ተጨናነቀ፤ አንድ የከተማዋን ሠራተኛ መኪና ገጭቶት አመለጠ፤ አንድ ጎብኚም እባብ ነደፈው።

ጥፋቱ ሁሉ በኢንስታግራም ላይ ተደፈደፈ። ኢንስታግራም ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ግን አበባ ለማየት በየፀደዩ መኪና አስነስቶ ወደ በረሃ መውጣት ከስልክ ካሜራ በፊትም የነበረ ልማድ ነው። የካሊፎርኒያን አገር በቀል ዕፅዋት የሚያስፋፋው ድርጅት፣ ቴዎዶር ፔይን ፋውንዴሽን፣ የት ምን እንደፈካ በየሳምንቱ በስልክ የሚያስነግረው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነው። ሰው ድሮም ይሄድ ነበር። አሁን የተለወጠው፣ ብዙዎች አበባውን ሊያዩ ሳይሆን አበባው መሐል ተቀምጠው ሊታዩ መሄዳቸው ነው።

ጉዳቱን ለመረዳት ዘሩ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ይበጃል። ሞት ሸለቆ፣ ማለትም ዴዝ ቫሊ የተባለው የካሊፎርኒያ በረሃ፣ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የብዙዎቹ የበረሃ አበቦች ዘር በልባሱ ላይ ብቅለትን የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው፣ የአንድ ቀን ካፊያ አያታልለውም። ንጥረ ነገሩን የሚያጥበው መሬቱን በደንብ የሚያርስ ዝናብ ነው፤ ከዚያ በኋላም ዝናቡ እየቆየ መመለስ፣ ፀሐዩ ቶሎ አለመክረር፣ ነፋሱ ቡቃያውን አለማድረቅ አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ዘሩ በሙሉ አይበቅልም። ከፊሉ አፈር ውስጥ ለሌላ ዓመት፣ አንዳንዴም ለአስርት ዓመታት ይቆያል። ሞት ሸለቆ በ2005 ደምቆ ካበበ በኋላ እንደዚያ ያለ ዓመት እስከ 2016 አልመጣለትም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዕድል ያበበ ተክል ዘሩን ሳይጥል ከተረገጠ፣ ለሚቀጥሉት ደረቅ ዓመታት የሚቀመጠው ስንቅ ይቀንሳል። የተጠቀጠቀው አፈርም ጠጥሮ አዲስ ሥር አያስገባም። በዚያ ላይ አንዱ የረገጠውን ሌላው መንገድ መስሎት ይከተለዋል፤ ሰኞ የአንድ ሰው ዱካ የነበረው እሁድ ሲደርስ ራቁቱን የቀረ መሬት ይሆናል።

የሚገርመው ለፎቶው ሲባል መርገጥ ጨርሶ አለማስፈለጉ ነው። መንገዱ ዳር ተንበርክኮ ካሜራውን ከአበባው ትይዩ ዝቅ ማድረግና ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ መጠቀም ይበቃል። እንዲህ ያለው ሌንስ ተራርቀው የቆሙትን አበቦች አንዱን በሌላው ላይ ስለሚደራርባቸው፣ ሳሳ ያለው ሜዳ ምንጣፍ መስሎ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቹ የምናደንቃቸው ፎቶዎች በዚህ ብልሃት የተሠሩ ናቸው፤ ቦታው ደርሶ «ይኼ ነው እንዴ?» የሚል ጎብኚ የሚበዛውም ለዚህ ነው። ጎህ ሲቀድ ማንሳት የለመደ ባለካሜራም ፖፒ ዘንድ ያፍራል። ፖፒ በቅዝቃዜ፣ በደመናና በኃይለኛ ነፋስ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ የሚከፈተው ፀሐዩ ሞቅ ሲል ነው።

ጎንበስ ያለ ሰው ሌላም ነገር ያተርፋል። የፖፒ እምቡጥ ሾጣጣ ቆብ ደፍቶ ይቆይና ሲፈካ ቆቡን አሽቀንጥሮ ይጥላል፤ ከአራቱ የአበባ ቅጠሎች ሥር ደግሞ ቀላ ያለች ክብ ጠርዝ አለች። ከሄሊኮፕተር ይህ አይታይም። ሄሊኮፕተር ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ በዚያው በ2019 ሁለት ሰዎች ላንካስተር አጠገብ ባለው የአንቴሎፕ ቫሊ ፖፒ ጥብቅ ስፍራ ሄሊኮፕተራቸውን አበባው ላይ አሳርፈው በእግራቸው ሊንሸራሸሩ ወርደው ነበር።

ሕግ ባለበትም እብድ አይጠፋም። ያም ሆኖ እኔ ለዎከር ካንየን አርአያ የማደርገው ያንኑ አንቴሎፕ ቫሊን ነው። እዚያ ወደ 13 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የተለየ የእግር መንገድ አለ፣ አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው፣ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ አለ። ሕዝቡ የሚረግጠው የተፈቀደለትን ስለሚያውቅ አብዛኛው ይታዘዛል።

ሌክ ኤልሲኖር ለ2023 በሩን መዝጋቷን አልነቅፍባትም፤ ሰው እየተገጨ ዝም ማለት አትችልም ነበር። ልማድ ማድረጉን ግን እቃወማለሁ። አንዱን ኮረብታ የዘጉበት ሰው ቤቱ አይቀመጥም፤ መንገድም ጠባቂም ወደሌለው ሌላ ኮረብታ ይሄዳል፣ እዚያ ደግሞ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚቆጥር የለም። የሚሻለው በቀን የሚገባውን ሰው ቁጥር ወስኖ አስቀድሞ ማስመዝገብ፣ ከከተማው በአውቶቡስ ማመላለስ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ በገመድ ማጠር ነው። ከመግቢያው የሚገኘው ገንዘብም ለጠባቂዎች ደመወዝ ይዋል። ይህ ሁሉ መታወጅ ያለበት ደግሞ በመጋቢት ሳይሆን የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ነው። ኮረብታው ብርቱካናማ ከሆነ በኋላ የሚወጣ ክልከላ፣ ሦስት ሰዓት ነድቶ የመጣውን ሰው መኪናውን አውራ ጎዳናው ዳር አቁሞ ሽቅብ ከመውጣት አያስቆመውም።