ከደወሉ በፊት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ነኝ። ኦቲዝም (ከልጅነት ጀምሮ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ሁኔታ) ካለባቸው ልጆች ጋር ነው የምውለው። ትምህርት ሊከፈት ሰሞን ተሰብስበን ስለ እያንዳንዱ ልጅ እንነጋገራለን። ሾፌሩም፣ ምሳ የምታቀርበዋ ሴትዮም አሉበት። ልጁን ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ፣ በምን እንደሚረጋጋ አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ይሰጠናል።

ደግ ስለሆኑ አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለባቸው። ከዚያ በፊት እዚህም አካል ጉዳተኛን ልጅ «አንቀበልም» ብሎ መመለስ ይቻል ነበር። ኦቲዝም በስሙ ሕጉ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። አሁንም ቢሆን ወረቀቱ ሁሉን አይሠራም። አምና ተተኪ መምህር መጥቶ ያቺን ገጽ ሳያነብ ገባ። ልጁ ጠረጴዛ ሥር ተሸጉጦ ዋለ።

በ2014 ዓ.ም. ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ገባሁ። የእህቴ ልጅ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጸበል ተወስዷል፣ «ቡዳ ነው» ተብሏል። እህቴ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማችው አዲስ አበባ ለሕክምና ስትወስደው ነው። እዚያ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በገዛ ልጃቸው ምክንያት ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ወዲህ ቃሉ ሰው ጆሮ ገብቷል። ማርቆስ ግን ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አሜሪካ ልጅ ሰው ዓይን ለዓይን ካላየ ቶሎ ይጠረጠራል። ጎጃም አንገቱን የደፋ ልጅ ጨዋ ነው። የእህቴም ልጅ ለዓመታት «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ሲባል ኖረ።

መምህሩን ላነጋግር ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ሰባ ልጅ ይዟል። «ጋሼ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ያሾፍብኛል» አለኝ። ለካ አንድ ቀን ልጁ ጠመኔውን በመስኮት ወርውሮ ኖሯል። መምህሩም ተናዶ «ጎሽ! ድገመው እንጂ!» ይለዋል። ደገመው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጁ ተገረፈ። እኔም ሳልወድ ሳቄ መጣ። በቅኔ አገር፣ ሰው ሰላምታውን እንኳ በሰምና ወርቅ በሚናገርበት አገር፣ ሰሙን ብቻ የሚሰማ ልጅ ተወለደ! ይኼንኑ ለመምህሩ ነገርኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ «ታዲያ ምን ልበለው?» አለኝ። «አትወርውር፤ እዚህ አስቀምጥ፤ በቃ» አልኩት። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ደግሞ እኮ ነገሩ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። የኔታ ፊት አንዱ ልጅ አቡጊዳ ይላል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል። እያንዳንዱ በየራሱ ገጽ። የዘገየውን «ክፍል ደገመ» የሚለው የለም። አሜሪካኖቹ በስንት ስብሰባ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያወጡት እቅድ ዋና ሐሳቡ ይኸው ነው። (አርጩሜውን እያሞገስኩ አይደለም።)

ከሁሉ የቸገረው ደወሉ ነበር። ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ እንኳን እሱን እኔንም ያስበረግጋል። ልጁ ጆሮውን ይዞ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ዘበኛው ሊያመልጥ ነው ብለው በዱላ ይመልሱታል። ደወሉን የሚመቱት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። «አባባ፣ ድምፁ ጆሮው ውስጥ እንደ መርፌ ነው የሚገባው» ብዬ አስረዳኋቸው። ሰባት ዓመት በሬ ጠምጃለሁ አሉኝ፤ «አንዱ በሬዬ ጅራፍ ሲጮህ ይደነብር ነበር፤ እሱን በድምፅ ብቻ ነበር የምነዳው።» ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ባለፈው እህቴ ስትደውልልኝ ስለ ልጁ ጠየቅኳት። ዘበኛው ከመምታታቸው በፊት ብረቱን ከፍ አድርገው ያሳዩታል አለች። እሱ ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዛል። ከዚያ ይመታሉ።