ፓምፑም የእድሩ ዕቃ ነው

ወገኖቼ፣ የጎጃም ሰዎች፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ከወቀሳው እኔም አልወጣም።

ባለፈው ጥር ሞጣ አካባቢ ወደ ትውልድ ቀበሌዬ ለለቅሶ ወርጄ ነበር። ከቀብር ሳንመለስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል። ማታ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ደብተሩን ዘርግቶ ብርጭቆ ይቆጥራል። አንዲት ጎደለችው። ባትሪ አብርቶ ጓሮ ለጓሮ ሲፈልግ ቆይቶ ከእንሰቱ ሥር አገኛት።

ከድንኳኑ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የእጅ ፓምፕ ቆሟል። እጀታው በሽቦ ታስሯል። ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ምን ነካው ብዬ ጠየቅሁ። ውስጡ ያለችው ጎማ ተበልታ ነው አሉኝ። አንዲት ጎማ! ሴቶች ልጆች ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። ለምን አላሠራችሁትም ስላቸው፣ “ያስቆፈሩት ሰዎች ይመጣሉ ብለን” አሉ።

ለአንዲት ብርጭቆ ጓሮ የሚያስስ ሰው፣ ውኃ ሲቋረጥበት እንዴት ሁለት ዓመት ይቀመጣል? ብርጭቆዋ የእኛ ናት። ፓምፑን ግን “የፕሮጀክቱ” እንለዋለን። በሽታችን እዚህች ቃል ላይ ነው።

ሶላሩም እንደዚያው ነው። ባትሪው ሲደክም ፓኔሉ ጣሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል፣ ቤቱም ወደ ኩራዝ ይመለሳል። ፓኔሉ እኮ ደህና ነው። በደንብ ከተያዘ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ቶሎ የሚሞተው ባትሪው ነው። ለባትሪ መቀየሪያ እቁብ መጣል ያቅተናል? የባዮጋዙ ጉድጓድስ? አራት ያህል ከብት ያለው ቤት በእበቱ ወጥ መሥራት ይችላል፣ ዝቃጩም ለማሳው ፍግ ይሆነዋል። እኛ ግን ኩበት ጠፍጥፈን የመሬታችንን ምግብ ምድጃ ውስጥ እንከታለን። ከዚያ አፈሩ ደከመ፣ አሲዳማ ሆነ፣ ኖራ አምጡልን እንላለን።

አቅም የለንም አትበሉኝ። ከደመወዛችን ቆርጠን፣ ገበሬውም ከጤፉ ሽያጭ አውጥቶ ቦንድ ገዝተናል። በ2003 መሠረቱ የተጣለው የህዳሴ ግድብ በ2017 ጳጉሜ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል ነበር። ይኸው አሁን ማደሪያ አገኘ። ይዞት የሚገባው ግን የጮቄ ተራራን አፈር ነው፤ የእኛን አፈር።

እርከን አልሠራንም አልልም። በየዓመቱ ጥርና የካቲት በዘመቻ ወጥተን እንቆፍራለን። መጋቢት ላይ ከብቱን እንለቅበታለን። የገዛ ላባችንን በኮቴ እናስረግጣለን! ከብት በተራ መጠበቅ፣ ሣር አጭዶ ማብላት ምን ያህል ከባድ ነው? ጤፍ ለማጨድ ደቦ ስንጠራ ማንም አይቀርም እኮ።

በአዊ ያለውን የፋግታ ለኮማን ወረዳ ገበሬ እዩ። በደከመ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከለ፣ ከሰል አክስሎ ሸጠ፣ መሬቱ ሲያገግም ጤፍ ዘራበት። ብዙው ጎረቤቱን አይቶ ነው የጀመረው። በኋላ ዛፉን በሽታ ገባበትና ብዙ ሰው ተጎዳ። በአንድ ዛፍ ብቻ መተማመን ይህን ያመጣል። ቢሆንም ሲጀምር ማንንም አልጠበቀም፣ እሱን ነው የማደንቅለት።

ጊዜው ክፉ መሆኑን አውቃለሁ። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። መንገድ ሲዘጋ ከከተማ የሚመጣ መካኒክ የለም። ቀበሌው ውስጥ መፍቻ የያዘች አንዲት ልጅ ካለች ግን ውኃው አይቆምም።

እኔ የሚታየኝ ይህ ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከድስቱና ከድንኳኑ አጠገብ አንድ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ውስጥ የፓምፕ ጎማ፣ መፍቻ፣ የሶላር ሽቦና መለዋወጫ ባትሪ አለ። ቁልፉ ቴክኒክና ሙያ ተምራ ከተመለሰች ልጅ እጅ ነው። እድሩ በየወሩ ይከፍላታል። ማታ ማታ ልጆች በመብራት ያጠናሉ፣ እናቶችም ጭስ ሳይበላቸው ቡና ያፈላሉ። ለዚህ የጎደለን ዕቃ የለም።

እድራችሁ በሚቀጥለው ሲሰበሰብ ዳኛው መጨረሻ ላይ “ሌላ ጉዳይ ያለው?” ይላል። እባካችሁ ያን ጊዜ ዝም አትበሉ። አንዳችሁ ተነሡና “ፓምፑንም ደብተሩ ላይ ጻፉልን” በሉ።