የሽን ዘመዶች

የእንግሊዝኛ ቃላት ዘራቸው ቢቆጠር ሰፊው ቤተሰብ የ«ሽን» ሳይሆን አይቀርም። ኢምፕሊመንቴሽን፣ ኮኦርዲኔሽን፣ ሃርሞናይዜሽን፣ ኦፕሬሽናላይዜሽን። ሁሉም የሚያልቁት በአራት ፊደላት ነው፦ ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን። ዘራቸው ከላቲን ነው። በፈረንሳይ በኩል እንግሊዝ ገቡ። ከዚያ ቢሾፍቱና አዳማ ሆቴል ይዘው ወርክሾፕ ተቀመጡ።

ሥራቸው ግስን ስም ማድረግ ነው። ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአማርኛ ግስ ወሬኛ ነው፤ አድራጊውን ሳያሳብቅ አያልፍም። «ሠራ» ካልክ እሱ ነው። «ሠራች» ካልክ እሷ ናት። «አልሠራንም» ካልክ ደግሞ አለቀልህ፣ ራስህንም ባልደረቦችህንም አጋልጠሃል። «ኢምፕሊመንቴሽኑ ላይ ጋፕ ታይቷል» ስትል ግን ማንም የለበትም። ጋፑ ራሱ ሳይጠራ መጥቶ ታየ። አዳራሹ በሙሉ በሐዘኔታ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዱ ተነስቶ ፍሊፕ ቻርት ላይ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ሻይ እረፍት ይሆናል። በነፃ እንዲህ የሚከራከር ጠበቃ ከየት ይገኛል?

ርዝመታቸው ደግሞ ለክብር ነው። ኢንተርናሽናላይዜሽን በእንግሊዝኛ 20 ፊደል አለው። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን እየጻፉ ጣታቸው ሲዝል አንድ ዘዴ ፈጠሩ። የመጀመሪያዋን «አይ» እና የመጨረሻዋን «ኤን» አስቀሩና መሀል ያሉትን 18 ፊደላት በቁጥር ተኩ። እስከ ዛሬ «አይ 18 ኤን» ብለው ነው የሚጽፉት። ኢንስቲትዩሽናላይዜሽንም ብትቆጥሩት 20 ነው፤ እሱም በ«አይ» ጀምሮ በ«ኤን» ያልቃል። ስለዚህ ሁለቱ ሲያጥሩ አንድ ይሆናሉ። የወርክሾፑን ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያውቅ ስንት ወረቀት በተረፈ! ርዕሱን ሳይቀይር ለዓመቱም ያገለግለዋል።

እኔ ከማውቃቸው ሽኖች አያት ቅድመ አያት የሚሆነው ግን 29 ፊደል የያዘው ነው። ፍሎክሲኖሲናይሂሊፒሊፊኬሽን። ቀስ በሉ፣ ውሃ ጠጡበት። አንድን ነገር ከቁብ አለመቁጠር ማለት ነው። የተሠራው ከአራት የላቲን ቃላት ነው። አንዱ የሱፍ ብናኝ፣ አንዱ ፀጉር፣ አንዱ «ምንም»፣ አንዱም እንደነሱ ዋጋ ቢስ ነገር ነው። አራት እርባና ቢሶች ተሰብስበው ያቋቋሙት ኮሚቴ በሉት። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ፊደል «ኢ» ነው፤ እዚህ ቃል ውስጥ ግን አንድም የለም። «አይ» ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ1741 ዊልያም ሼንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ገጣሚ ደብዳቤ ላይ ጽፎታል፤ አንድን ሰው ገንዘብን ስለሚንቅ እንደወደደው ሲናገር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ጄኮብ ሪስ-ሞግ የተባለ የምክር ቤት አባል የእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ተናገረው። መቼም እዚያም ቤት ጊዜ ሞልቷል።

እኛ ዘንድ ከሽን በፊት የነገሠው «ኢዝም» ነበር። ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ሶሻሊዝም። በኢዝም ዘመን ሰው ይጣላ ነበር፣ ይገዳደልም ነበር። በሽን ዘመን ፊርማ ፈርሞ አበል ይቀበላል። ይህስ መሻሻል ነው፣ አልክድም። ሁለቱ ዘመዳሞች የተገናኙበት አንድ ጊዜ ግን አለ፦ ናሽናላይዜሽን። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967፣ ትርፍ ቤቶችና የከተማ ቦታ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.። ስትራቴጂክ ፕላን አልጠየቀም፣ ስቴክሆልደር አልሰበሰበም፣ በቃ ሆነ። ሕዝቡ ግን በሽን አልጠራውም። «ተወረሰ» አለ። ሰውየው በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ወራሽ መጣለት ማለት ነው።

ከቤተሰቡ መሀል አገር የለመደው ኮሚሽን ነው። አጭር ስለሆነ ይሆናል። በአንድ በኩል ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው፣ በሌላ በኩል የደላላ ድርሻ ነው። የትኛው እንደሆነ ከንግግሩ ይታወቃል። ካልታወቀም ዝም ማለት ይሻላል። ኦፕሬሽንም ተምሮ ሳይሆን ታሞ የገባ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረችው አክስትም «ኦፕሬሽን ሆንኩ» ትላለች።

የሚያሳስበኝ ሽን እድር ድረስ መግባቱ ነው። አንድ የእድር ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ተነሳ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ እጁ ላይ ታብሌት አለ። «ዘመኑ የዲጂታላይዜሽን ነው» አለ። «የሪሶርስ ሞቢላይዜሽናችን ከኦፕቲማይዜሽን ጋር ኢንቴግሬሽን ይፈልጋል» ብሎ ቀጠለ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ገንዘብ ያዡ ስለ ገንዘብ የተነሳ መስሏቸው ደብተራቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

አንዲት ትልቅ እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ቃልህ ያማረ ነው፣ ተባረክ። ያ ባለፈው ለቅሶ ላይ የጠፋው ብረት ድስት በዚህ ይገኛል?»

«እማማ፣ እሱ የኢንቬንተሪ ዲጂታላይዜሽን ሲደረግ የሚታይ ነው።»

«ማን ነው የሚያደርገው?»

ወጣቱ ታብሌቱን አየ። ታብሌቱም እሱን አየው። ሽኖቹ ሁሉ አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ወጡ።

«ይደረጋል» አለ በመጨረሻ።

«እኮ፣ ማን?»

ዳኛው ነገሩን አበረዱት። ጉዳዩን የሚያጠና አምስት ሰው ያለው ኮሚቴ ይቋቋም አሉ። ወጣቱ ሰብሳቢ ሆነ። እማማም ጡረታ ወጥተው ቤት ስለሚውሉ ይመቻቸዋል ተብሎ አባል ተደረጉ። የኮሚቴው ስም ላይ ብዙ ክርክር ተነሳ፤ በመጨረሻ «የዲጂታላይዜሽን ኮኦርዲኔሽን ኮሚቴ» ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ። መጀመሪያ ሲሰበሰቡ እማማ ድስቱን ሊያነሱ ነበር፤ ሰብሳቢው ግን በአጀንዳ ቁጥር አንድ እንጀምር አላቸው። የኮሚቴው የትራንስፖርት አበል ነው።