ለዲንግል ሙሉ ቀን ስጡት

ስለ አየርላንድ ጉዞ ባነበብኩት ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው «በአየርላንድ የኬሪ ቀለበትንና ዲንግልን በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል» ያሉት አልተዋጠልኝም። የኬሪ ቀለበት የሚባለው ዙሪያ መንገድ ብቻውን 179 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱም ጠባብ ነው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ዲንግል የተባለውን ባሕረ ገብ መሬት ምረጡ።

ከዲንግል ከተማ ተነስቶ ስሊ ሄድ በተባለው የባሕር ዳር ጫፍ ዞሮ የሚመለሰው መንገድ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭር ይመስላል። ግን በየመታጠፊያው ውረዱ ውረዱ ይላል። እኔና ባለቤቴ ጠዋት 3 ሰዓት ወጥተን የተመለስነው ሊመሽ ሲል ነው። ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ንዱ። ትልልቆቹ አውቶቡሶችም በዚያው ስለሚሄዱ ጠባቡ ቦታ ላይ ፊት ለፊት አትፋጠጡም። መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ ባሕሩም በእናንተ በኩል ይሆናል።

ዳንኩዊን የምትባል መንደር ላይ ግን አትቸኩሉ። ከፊት ለፊት የብላስኬት ደሴቶች ይታያሉ። በትልቁ ደሴት የቀሩት ጥቂት ነዋሪዎች ኑሮው ከብዷቸው በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ዋናው ምድር ተሻገሩ። ቋንቋቸው አይሪሽ ነበር፤ በዚህ አካባቢ ዛሬም ይነገራል። ያንን ባዶ ደሴት እያየሁ ሆዴ ባባ።

ጽሑፉ ጋላረስን አለማንሳቱም ቆጨኝ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራ ትንሽ ጸሎት ቤት ነው። ከስንት መቶ ዓመት በኋላም ጣሪያው እንዳለ ነው። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብላችሁ ግቡ።