ሐይቅ ዳር የማነበውን መጽሐፍ ልምረጥበት፣ ተዉኝ!

የሐይቅ ዳር ዕረፍት ቀኑ ተቆርጧል፣ ፈቃዱ ተፈርሟል፣ ማረፊያው ተይዟል። የቀረኝ የማነባቸውን መጻሕፍት መምረጥ ብቻ ነው። ከዝግጅቱ ሁሉ ደስ የሚለው ይህ መሆን ነበረበት፤ መደርደሪያ ፊት ቆሞ አንዱን ማንሳት፣ ሁለት ገጽ ቀምሶ መመለስ፣ ሌላውን መሞከር። ሰው ሁሉ እጁን አስገብቶበት ግን ከሻንጣውም ከመንገዱም በላይ ራስ የሚያዞር ነገር ሆኗል። ብሶቴን ልዘርግፈውና ይውጣልኝ።

ከዝርዝር አውጪዎቹ ልጀምር። የዕረፍት ወቅት ሲቃረብ «በውኃ ዳር ሊነበቡ የሚገባቸው መጻሕፍት» የሚል ርእስ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ፎቶግራፉ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ነጭ ፎጣ፣ የሰሌን ባርኔጣ፣ ተከፍቶ በግንባሩ የተደፋ መጽሐፍ፣ ከበስተኋላ ሰማያዊ ውኃ። (መጽሐፍ እንዲያ ተደፍቶ ሲውል ጀርባው እንደሚሰነጠቅ የሚነግራቸው ዘመድ የላቸውም መሰለኝ።) ከሥሩ የሚጻፈው ሙገሳም አይለወጥም፤ «አንዴ ከጀመሩት ከእጅዎ አያስቀምጡትም!»

እኔ የምፈልገው ከእጄ የማስቀምጠውን ነው። ሐይቅ ዳር እኮ ነው የምሄደው! ጀልባ ሲያልፍ ቀና ብዬ አያለሁ። ልጆች «ና፣ ዓሣ አየን» ብለው ይጎትቱኛል። ነፋሱ ገጹን ይገለብጥብኛል። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላውን ተከትዬ ወንበሬን አንቀሳቅሳለሁ። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥለኛል። በዚህ ሁሉ መካከል የሚነበብ መጽሐፍ ሲያስቀምጡት የማያኮርፍ፣ ሲመለሱበትም «ይህ ሰውዬ ደግሞ የማን ወንድም ነበር?» አሰኝቶ ሃያ ገጽ ወደ ኋላ የማይሰድ መሆን አለበት። ምዕራፉ አጭር ይሁን፣ ገጸ ባሕርያቱ ጥቂትና ስማቸው የማይምታታ ይሁኑ፣ ወይም ታሪኩ በአንድ ቁጭታ ይለቅ። ልብ አንጠልጣዩ ለረጅም ጉዞ፣ ለወረፋ፣ እንቅልፍ እምቢ ላለበት ሌሊት ይቆየኝ። ውኃ ፊት አስቀምጦ ውኃውን እንዳላይ የሚከለክለኝ ከሆነማ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነበው ነበር፤ የማረፊያውን ገንዘብ ለምን ከፈልኩ?

ብዛቱስ? «ለቅዳሜና እሑድ የሚሆኑ አምስት ልቦለዶች» የሚል ዝርዝር አይቻለሁ። ያን የጻፈ ሰው ወይ አያነብም፣ ወይ አይዋኝም። ቤልጂየማዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርክ ብሪስባርት እ.ኤ.አ. በ2019 በርካታ የቀደሙ ጥናቶችን አጠቃልለው ባሳተሙት ሥራ፣ እንግሊዝኛ በልቡ የሚያነብ አዋቂ ሰው በልቦለድ ላይ በደቂቃ በአማካይ 260 ቃላት ያህል እንደሚሄድ አስልተዋል። አንዱ ልቦለድ 90,000 ቃላት ቢኖሩት ወደ ስድስት ሰዓት የሚጠጋ ንባብ ነው። አምስቱ ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞሉ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ያውም ማንም ሳይጠራኝ፣ አንዴም ቀና ሳልል! ከሁለት ቀን ውስጥ እንቅልፉና ምግቡ ሲቀነስ ለሐይቁ የሚተርፈውን እናንተው አስሉት።

ከዚያ «ዕረፍት ስለሆነ ቀለል ያለ ነገር ያዝ» የሚሉ መካሪዎች ይከተላሉ። እነዚህ ሰዎች ዕረፍት የወጣ ሰው አእምሮውን ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት የሚሄድ ይመስላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ሪፖርትና ቃለ ጉባኤ ሳነብ ከርሜ፣ በወጉ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር ለማጣጣም ፋታ ያገኘሁት ገና አሁን ነው፤ ጭራሽ አሁን ገለባ ላንብብ? የመጽሐፍ ክብደት ሌላ፣ ተቋርጦ መቀጠል መቻሉ ሌላ። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1845 ዋልደን በተባለው ኩሬ ዳር በሠራት ጎጆ መኖር ሲጀምር፣ በጋውን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ያኖረው የሆሜርን ኢሊያድ፣ ያን ረጅም የጥንት ግሪክ የጦርነት ግጥም፣ ነበር። ከዚህ የከበደ ከየት ይመጣል? ራሱ እንደጻፈው ግን ገጹን የሚያየው አልፎ አልፎ ነበር፤ ቤቱን ሠርቶ መጨረስ፣ ባቄላውን መኮትኮት ነበረበት። ቢሆንም ችግር የለውም። ኢሊያድ በ24 ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ አንዱን አንብበህ፣ ባቄላህን ኮትኩተህ ስትመለስ ጀግናው አኪሊስ እንደተቆጣ ይጠብቅሃል።

የአየሩ ጉዳይም አለ። ዝርዝሩ ሁሉ ፀሐይ መውጣቷን እርግጠኛ አድርጎ ነው የሚነሳው። እ.ኤ.አ. በ1816 በጋ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር የከረሙት ገጣሚዎቹ ሎርድ ባይረንና ፐርሲ ሼሊ፣ የባይረን ሐኪም ጆን ፖሊዶሪ፣ እንዲሁም በኋላ የሼሊ ሚስት የሆነችው የ18 ዓመቷ ሜሪ ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር። በ1815 ሚያዝያ በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ የዓለምን አየር አዛብቶት፣ በጋ ሊሆን በተገባው ጊዜ ዝናቡ ቤት አስቀመጣቸው። እጃቸው የገባው ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎመ የመናፍስት ታሪኮች ስብስብ ነበር። ማንም «ለውኃ ዳር ተስማሚ» ብሎ አላጨላቸውም። አጫጭር ታሪኮች ስለነበሩ ግን አንዱ ለሌሎቹ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ በየመሐሉም መጽሐፉን አጥፎ ማውራት ይቻል ነበር። ባይረን እያንዳንዳቸው አንድ የሙት መንፈስ ታሪክ እንዲጽፉ ሐሳብ ያቀረበው ያኔ ነው፤ በ1818 የታተመው የሜሪ ሼሊ ልቦለድ ፍራንከንስታይንም የተፀነሰው ከዚያ ጨዋታ ነው። ከእጅ የማይቀመጥ መጽሐፍ ይዘው ሄደው ቢሆን ኖሮ ሁሉም በየጥጉ አቀርቅሮ ይቀር ነበር። ለሰው ጮክ ተብሎ የሚነበብ መጽሐፍ የሚጠቁም ዝርዝር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

አሳታሚዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። አሳታሚው አልዶ ማኑዚዮ እ.ኤ.አ. በ1501 ቬኒስ ውስጥ የጥንቱን ሮማዊ ገጣሚ የቨርጂልን ግጥሞች በእጅ በሚያዝ ትንሽ ቅርጽ አትሞ፣ ጠረጴዛ የማይፈልግ መጽሐፍ ለአንባቢ አስረክቧል። አለን ሌን ደግሞ በ1935 እንግሊዝ ውስጥ ፔንጉዊን የተባሉትን በርካሽ የሚሸጡ ባለ ለስላሳ ሽፋን መጻሕፍት ማውጣት ጀመረ። አምስት መቶ ዓመት ያለፈው መፍትሔ እያለ፣ ዛሬ የሁለት መቶ ገጽ ታሪክ በወፍራም ወረቀት ተነፍቶ ጡብ አክሎ ይወጣል። እኔ የምፈትንበት መንገድ አለኝ። መጽሐፉን በግራ እጄ እይዝና አውራ ጣቴን መካከሉ ላይ አሳርፋለሁ። ታግሎ ራሱን ከዘጋ፣ ወይም የመስመሮቹ ጫፍ ወደ መጠረዣው ገብቶ ከተደበቀ፣ ይዘቱ ምንም ያህል ቢወደስ አብሮኝ አይሄድም። ሁለተኛው እጄ ፀሐይ ለመከለልና ትንኝ ለማባረር ይፈለጋል።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሺህ መጽሐፍ የሚይዝ የንባብ መሣሪያ አለልህ አይደል?» የሚለውንም ሰምቻለሁ። በፀሐይ ላይ ስለማንበብ ከሆነ ልክ ናችሁ፤ የኤሌክትሮኒክ ቀለም ማያ በላዩ ያረፈውን ብርሃን መልሶ ስለሚታይ ደማቅ ፀሐይ አይጎዳውም። ስልክ ግን መስተዋት ይሆንና የራስህን ፊት ስታነብ ትውላለህ። ክሴ ሌላ ነው። ሺህ መጽሐፍ ይዞ መሄድ ምርጫውን ይዞ መሄድ ነው። እዚህ አሳርፌው ልወጣ ያልኩት ጣጣ እዚያም ተከትሎኝ፣ ጀምሬ ስተው፣ ጀምሬ ስተው ይመሻል።

ከሁሉ የባሰብኝ መጽሐፍ የሚያውሰኝ ወዳጄ ነው። ዕረፍት እንደምወጣ በሰማ ማግሥት የአንድ ባለሁለት ቅጽ ግለ ታሪክ አንደኛውን ቅጽ ታቅፎ መጣ። ጠንካራ ሽፋን፣ መካከሉ ላይ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተሙ ፎቶግራፎች፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የደራሲው ፊርማ። «እዚያ ሆነህ በጸጥታ ትጨርሰዋለህ» አለኝ።

ውኃ ለመጽሐፍ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አይመስልም። ወረቀት ሲርስ ቃጫው ያብጣል፤ ሲደርቅም ሞገድ ሠርቶ ይቀራል እንጂ እንደ ቀድሞው አይተኛም። የሚያብረቀርቀው ወረቀትማ እርስ በርስ እንደተደራረበ ከደረቀ ተጣብቆ፣ ሲላቀቅ ሥዕሉ ከነቆዳው ተልጦ ይወጣል። ቶሎ ካላደረቁት በሁለት ቀን ገደማ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። የመጻሕፍት ጥገና ባለሙያዎች በጎርፍ የራሰ ክምችት ሲገጥማቸው ፋታ ለማግኘት በበረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ታዲያ ፊርማ ያለበትን የሰው ንብረት ፎጣ ላይ ትቼ እንዴት ልዋኝ? ልጆች ከውኃው ሲወጡ እየተንጠባጠቡ በላዩ እንደሚያልፉ እያወቅሁ? ዋና ሳይሆን ጥበቃ ነው የሚሆንብኝ።

በዚያ ላይ ያዋሰውን ይከታተላል። ማታ ማታ «የት ደረስክ?» ብሎ ይደውላል። መቶኛው ገጽ አካባቢ ነኝ ብዬ ብመልስለት «አሁን ነው እኮ የሚጀምረው!» እንደሚለኝ ከልምድ አውቃለሁ። አንድ መጽሐፍ ለመጀመር መቶ ገጽ ከፈጀበት የእኔ ዕረፍት ለእርሱ አይበቃውም።

ዘንድሮ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ መለስኩለት። የምሄደው አንድ የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብና አንድ የደብዳቤዎች መድበል ይዤ እንደሆነ፣ ሁለቱም የራሴ፣ ሁለቱም በአንድ እጅ የሚያዙ እንደሆኑ በትሕትና አስረዳሁት። «የሰው ደብዳቤ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። አንዱን አንብቦ ማጠፍ ይቻላል፣ ጸሐፊው እንደሆነ ነገም ይጽፋል አልኩት። ተቀየመኝ። ይቀየም።